ስም የሌለው ካራ፦ በቆቦና በራያ ቆላ ከወገብ ስለማይለይ ስለት፣ ስለ ሠሪዎቹና ስለ ሰብሳቢዎቹ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ካራ አስቀምጬ፣ እርሱን እያሳየሁ ልናገር አስቤ ነበር። ሆኖም በዋናው በር ያለው ወጣት ጥበቃ ቦርሳዬን ፈትሾ፣ «ጋሼ፣ ይህን ይዘው መግባት አይችሉም» አለኝ። የንግግሬ ርእስ እርሱ መሆኑን ባስረዳውም አልተበገረልኝም፤ ሥራውን በአግባቡ ሠራ። ካራውን ተቀብሎ በመሳቢያው ውስጥ አኖረና 17 ቁጥር የተጻፈባት የካርቶን ቁራጭ ሰጠኝ። ስለዚህ የዛሬው ዋና እንግዳችን በር ላይ ቀርቷል።

ካራውን በቃል ልግለጽላችሁ። ርዝመቱ ከነእጀታው አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ይሆናል። ስለቱ በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ጀርባው ደልደል፣ ጫፉ በመጠኑ ቀና ያለ ነው። እጀታው የበሬ ቀንድ ሲሆን፣ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከጥይት ቀለሃ በተቆረጠ ናስ ተጠምጥሟል። አፎቱ የፍየል ቆዳ ነው። በእኔ እጅ ከገባ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብረቱ ላይ ጽሑፍም ማኅተምም የለም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ባዶ ቦታ ነው።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። አማርኛችን ለስለት የሚሰጣቸው ስሞች ብዙ ናቸው። በጓዳ የሚቀመጠው ቢላዋ ነው። ከወገብ የሚታጠቁት፣ ለሁሉም ሥራ የሚሆነው ካራ ነው። ለመውጋት ተብሎ የተሠራው ጩቤ ነው። ታጥፎ ኪስ የሚገባው ሰንጢ ነው። ጎራዴና ሾተል የጦርና የማዕረግ ዕቃዎች ናቸው። እነዚህ ስሞች ዕቃን ብቻ ሳይሆን የያዘውንም ሰው ይፈርጃሉ። አዲስ አበባ ውስጥ «ሰንጢ ይዞ ነበር» ሲባል ክስ ነው። በራያ ቆላ ግን አንድ ጎልማሳ ካራ ሳይታጠቅ ቢወጣ፣ የሚጠየቀው ገመዱን በምን ሊቆርጥ፣ ሥጋውንስ በምን ሊበላ እንዳሰበ ነው።

ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፣ በወልድያና በአላማጣ መካከል ያለች ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ፤ ከዞብል ማዶ የአፋር ምድር ይጀምራል። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ገበያ የሚገናኙበት ምድር ነው። ካራ የሚለው ቃል በአማርኛም በትግርኛም ያው ካራ ነው። ከምሥራቅ የሚመጣው አፋር ደግሞ ከሆዱ ላይ የሚያስረው፣ ቆልመም ያለና ባለ ሁለት ስለት የሆነ የራሱ ዕቃ አለው፤ ጊሌ ይባላል። በቆቦ ገበያ ላይ ሰው ከየት እንደ መጣ አፉን ሳይከፍት ከወገቡ ማንበብ ይቻል ነበር።

አያቴ ካራቸውን ማለዳ ሲታጠቁ አያቸው ነበር። በዚያ ካራ የቀንበር ጠፍር ይቆርጣሉ፤ የእርፍ ሽብልቅ ይጠርባሉ፤ የማሽላ አገዳ ይመለምላሉ፤ የጥርስ መፋቂያ ያዘጋጃሉ፤ እግር የገባ እሾህ ያወጣሉ። በበዓል ቀን በግ ያርዱበታል፤ ቁርጥም ይበሉበታል። ማታ ሲፈቱት ልጅ ከማይደርስበት እንጨት ላይ ይሰቅሉታል። ለሰው ሲያቀብሉት ስለቱን ወደ ራሳቸው፣ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙረው ነበር። ይህንን ለእኛ ለልጆች በቃል አላስተማሩንም፤ እያየን ተማርነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ «በሁለት ቢላዋ የሚበላ» የሚባለው ከሁለት ወገን የሚጠቀም፣ የማይታመን ሰው ነው። እኛ ቤት ግን በእውነት ሁለት ቢላዋ ነበረ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና እስላም ይጋባል፣ ይዋለዳል፣ በአንድ ድግስ ይታደማል፤ የአንዱን እርድ ግን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ድግስ ሲኖር ለእስላም ጎረቤቶቻችን የራሳቸው በግ ይሰጣል፤ ራሳቸው ይባርካሉ፣ ራሳቸው ያርዳሉ። አያቴ ለዚያ ቀን ብቻ የምትወጣ፣ በእኛ እርድ ላይ ያልዋለች ቢላዋ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ ነበር። ተረቱ ሁለት ቢላዋን የክሕደት ምልክት አደረገው፤ በእኛ ቤት ግን የአክብሮት ምልክት ነበረ።

ይህን ስል ስለትን ማሞካሸቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የደም ጠላትነት በራያም ሆነ በሌላው ወሎ ስንት ቤት እንደ ዘጋ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የአገሩ ልጆች ታውቃላችሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴን ተከትዬ አንድ የዕርቅ ሸንጎ ላይ ተገኝቼ ነበር። አባጋሮቹና ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት ባለጉዳዮቹ ሁሉ ዱላቸውን፣ ጠመንጃቸውንና ካራቸውን ከሸንጎው ራቅ ብሎ ካለ ዛፍ ሥር አኖሩ። አንድ አዛውንት ይጠብቁ ነበር። ጉዳዩ ተቋጭቶ ሰው ሲበተን፣ እያንዳንዱ ከክምሩ የራሱን አንሥቶ ሄደ። ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው የገዛ ካራውን እጀታ በጨለማም ቢሆን ያውቀዋል።

ይህን ዓይነቱን ዕቃ የውጭ ተመልካች ለረጅም ጊዜ ያነበበው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲገር እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 አዋሽን ተከትሎ የአፋርን ምድር ሲያቋርጥ የጻፈው ማስታወሻ ስለ ገዳይነትና ስለ ግዳይ ብዙ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ጊሌ በአውሮፓውያን አእምሮ የመግደያ ዕቃ ሆኖ ቀረ። ያው ጊሌ ፍየል የሚያርድ፣ ገመድ የሚቆርጥ፣ ለግመል ጭነት የሚሆን እንጨት የሚጠርብ መሆኑ ግን እምብዛም አልተነገረለትም። ዕቃው ተገለጸ፤ ኑሮው ተተወ።

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ ልሻገር። በዓለም ዙሪያ በየዕለቱ ኪሳቸው የሚይዙትን ቢላዋ እንደ ወዳጅ የሚመለከቱ እጅግ ብዙ ሰዎች አሉ። አንዱ በደርዘን የሚቆጠር ሰንጢ ሊኖረው ይችላል፤ ከቤት ሲወጣ ግን የሚይዘው አንዱን ነው፤ የቱን እንደሚይዝ መምረጥ የማለዳ ደስታው ነው። ክብደቱን በግራም ያውቃሉ። የብረቱን ዓይነት፣ ስለቱ እንዴት እንደሚቆለፍ፣ ማን እንደ ሠራው ያውቃሉ። ፈረንሳዊው ጆዜፍ ኦፒኔል በሳቮይ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1890 ለገበሬዎች የሠራው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ ዛሬም ይመረታል። በስዊዘርላንድ ካርል ኤልዘነር እ.ኤ.አ. በ1884 የከፈተው ወርክሾፕ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ ያ ሥራ ዛሬ ቪክቶሪኖክስ በሚል ስም ዓለም የሚያውቀው ሆኗል። በጃፓን ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1876 ሰይፍ መታጠቅን ሲከለክል፣ ብዙ ሰይፍ ሠሪዎች ፊታቸውን ወደ ወጥ ቤት ቢላዋና ወደ ሌሎች የሥራ ስለቶች አዞሩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ስለ እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ስሰማ ሥራ ፈትነት መስሎኝ ነበር። ምንም የማይቆርጡበትን ቢላዋ ዘይት እየቀቡ መሰብሰብ፣ በእኛ አገር ዐይን፣ የማያርሱበትን በሬ እንደ መቀለብ ነው። አሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ቅዳሜ ነው።

ለትምህርት ጀርመን ሳለሁ ወደ ዞሊንገን ሄድሁ። ዞሊንገን ለብዙ መቶ ዓመታት በስለት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት፤ ስሟ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በዚያ ያልተሠራ ቢላዋ «ዞሊንገን» የሚል ጽሑፍ ሊታተምበት አይችልም። የጀርመን የስለት ሙዚየምም የሚገኘው በዚያ ነው። በዚያ ቀን ካስተዋወቁኝ ሰዎች አንዱ በጡረታ ላይ ያሉ ሽማግሌ ሰብሳቢ ነበሩ። ከቆቦ ይዤው የሄድሁትን ካራ አሳየኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ስለቱን ወደ ብርሃን አዙረው በአንድ ዐይናቸው ተመለከቱት፤ በጥፍራቸው ጫፍ ፈተኑት፤ ከመኪና ሞላ የተሠራ ይመስለኛል አሉ። ከዚያም «ማን ሠራው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «የአገሬ ባለ እጅ» አልኋቸው። «ስማቸውስ?» አሉ። ዝም አልሁ። ጥያቄውን ያልሰማሁት መስሏቸው በቀስታ ደገሙልኝ። ሰምቼው ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣ ያ ካራ በኪሴና በወገቤ ብዙ አገር ዞሯል። ማን ሠራው ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ግን እኚያ ባዕድ ሰው ነበሩ። ከአገሬ ሰው ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

በስለት ዓለም የሠሪው ስም ታላቅ ነገር ነው። በእንግሊዝ ሼፊልድ አካባቢ የስለት ሠሪዎች ማኅበር በሕግ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1624 ነው፤ ከሥራዎቹ አንዱ እያንዳንዱ ባለሙያ በብረቱ ላይ የሚያሳርፈውን የግል ምልክት መመዝገብ ነበር። ምልክቱ ክብርም ተጠያቂነትም ነው፤ ቢላዋው ቢሰበር ባለቤቱ ይታወቃል፣ ቢመሰገንም ባለቤቱ ይታወቃል። በእኛ አገር የስለት ታሪክ ውስጥም እንዲህ ያለ ምልክት አለ፤ ነገር ግን የማን ነው? በልዩ ልዩ ስብስቦች ውስጥ ያየኋቸው በርካታ የኢትዮጵያ ጎራዴዎች ብረታቸው ከአውሮፓ የመጣ ነው። የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ተቀርጾባቸው ከጀርመን ተልከው፣ እዚህ ከአውራሪስ ቀንድ እጀታ፣ ከቆዳ አፎት ተሠርቶላቸዋል። የጀርመኑ ፋብሪካ ማኅተም ከእጀታው ሥር በጉልህ ይነበባል። እጀታውን የቀረጸው፣ አፎቱን የሰፋው ኢትዮጵያዊ ግን ስም የለውም። የመግለጫው ካርድ የሚለው «ኢትዮጵያ፣ 19ኛው ምዕተ ዓመት» ብቻ ነው።

የመሰብሰብን ሌላ ገጽታ ደግሞ ወሎ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ሀብት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አጓጉዞ በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠው። ጽላቱ፣ ብራናው፣ ዘውዱና ጋሻው ሁሉ ከባለቤቱ፣ ከአገልግሎቱና ከታሪኩ ተነጥሎ ዕቃ የሆነው በዚያ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ «ሰብሳቢ» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ ንጹሕ አይደለም። እኚያ የዞሊንገን ሽማግሌ ግን ካራዬን ሊገዙኝ አልጠየቁም። የጠየቁት ስም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሳስብ ኖሬአለሁ።

ወደ ቆቦ ልመለስና ካራው እንዴት እንደ ተሠራ ልንገራችሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለመማር ወደ ወልድያ ልሄድ ስል፣ አባቴ ከገበያው ዳር ላለው ቀጥቃጭ ካራ አዘዙልኝ። የሄድሁት እኔ ነበርሁ። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ከመውጣቴ በፊት መከሩኝ፦ ዐይኑን ትኩር ብለህ አትይ፤ ምግብ ይዘህ አትሂድ፤ ገንዘቡንም በእጁ አትስጠው፣ ከድንጋዩ ላይ አስቀምጥለት። ሰውየው «ጠይብ» ነበሩና። ጠይብ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ይታመን ነበር።

ባለ እጁ ከመስፉ አጠገብ ቁጭ ብለው ነበር፤ አንድ ልጅ ወናፉን ይነፋል፤ የግራር ከሰል ይነዳል። ማን ልጅ እንደ ሆንሁ ጠየቁኝና «እጅህን አምጣ» አሉ። መዳፌን ይዘው በማሽላ አገዳ ስንጣሪ ለኩት። በሳምንቱ ስመለስ ካራው ደርሶ ነበር። እጀታው በእጄ ውስጥ ትንሽ ሰፋ ያለ መሰለኝ። አይተውኝ ኖሮ፣ «ገና ታድጋለህ፤ ለዚያ ነው» አሉ። ገንዘቡን ከድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

አድጌአለሁ። እጀታው ዛሬ በእጄ ልክ ነው። ያ ሰው የሚያድግ እጄን አሰቡልኝ፤ እኔ ግን በዚያ እጅ ገንዘባቸውን አልሰጠኋቸውም።

ይህ የእኔ ቤት ብቻ ነውር አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያሉ ማዋረድ ይቅር ማለታቸው ነው። ከአዋጁ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ጋብቻን ሊያዝ ግን አይችልም።

ከጀርመን ከተመለስሁ በኋላ የሥራውን ዕውቀት ለመረዳት ወደ ቆቦ ተመላልሻለሁ። ዛሬም በሥራ ላይ ያሉ አንድ ባለ እጅ ብዙ አስተማሩኝ። ጥሩ ካራ የሚወጣው ከባሌስትራ ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ የከባድ መኪና ሞላ ማለት ነው። ጣሊያን በሠራው መንገድ ላይ የሚመላለሰው መኪና ሞላው ሲሰበር ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል። የሞላ ብረት 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው ሲጠነክር ስለት ይይዛል፤ ሲታጠፍም ቶሎ አይሰበርም። በዚያው ዓይነት ብረት አሜሪካውያን አንጥረኞችም ውድ ቢላዎች ይሠራሉ፤ የኔፓል ጉርካዎች ኩክሪም ከመኪና ሞላ ይቀጠቀጣል። የግንባታ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ፣ መልኩ ካራ ቢሆንም በአንድ በግ ይደንዛል። ገዢውን የሚያታልል ቀጥቃጭ ፌሮ ይጠቀማል፤ ስሙን የሚያከብር ባሌስትራ ይፈልጋል።

ብረቱ ተቀጥቅጦ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ዳግመኛ ወደ እሳት ይገባል። መቼ እንደሚወጣ የሚነግር ቴርሞሜትር የለም፤ ባለ እጁ በጥላ ሥር ሆኖ የብረቱን ቅላት ያያል። ሳይደርስ ከወጣ አይጠነክርም፤ ካለፈ ደግሞ ይሰነጠቃል። ከዚያ ውኃ ይጠጣል፤ ከውኃ የወጣው ብረት እንደ መስታወት ተሰባሪ ስለሆነ እንደ ገና በለስላሳ እሳት ይታሸል። «በጠራራ ፀሐይ ብረት አላጠጣም፤ ፀሐይ ዐይንን ትዋሻለች» አሉኝ። አንድ የብረታ ብረት መሐንዲስ በመሣሪያ የሚለካውን እርሳቸው በቀለም ያነቡታል። ይህን ዕውቀት ጎረቤቶቻቸው ቡድነት ብለውታል።

የእኔን ካራ የሠሩት ሰው ግን አርፈው ነበር። በገበያው ብዙ ሰው ጠየቅሁ። እሳታቸውን፣ ቦታቸውን፣ የሥራቸውን ጥራት የማያስታውስ አልነበረም። ስማቸውን የሚያስታውስ ግን አንድም ሰው አጣሁ። «ጠይቡ ነበር እንጂ የምንለው» አሉኝ። በመጨረሻ አንዲት አረጋዊት ልጃቸው በሕይወት እንዳሉ ሰማሁና ሄድሁ።

«እማማ፣ አባትዎ የሠሩልኝን ካራ ይዤ መጥቻለሁ» አልኋቸው። ከአፎቱ ሳያወጡ እጀታውን ብቻ ዳበሱት። «አዎ፣ የእሳቸው ነው» አሉ። በምን እንዳወቁት ብጠይቃቸው ናሱን አሳዩኝ። ጠርዙ ላይ ሦስት ጥቃቅን ነጥቦች በሹል ብረት ተወግተዋል። «ሌላው ሁለት ነበር የሚያደርገው፤ አባቴ ሦስት» አሉኝ። ምልክት የለውም እያልሁ በኖርሁበት ካራ ላይ ምልክቱ ሁልጊዜም ነበረ። አላየሁትም፤ እንዳየው ያስተማረኝም አልነበረም።

ከዚያ የአባታቸውን ስም ነገሩኝ። ብዕሬን ሳወጣ ግን እጄን ያዙ። «ላንተ ነገርሁህ፤ መጽሐፍ ላይ እንዳታወጣው። የልጅ ልጆቼ ተድረዋል። የገቡበት ቤት የማን ዘር እንደ ሆኑ አያውቅም። አደራ።»

ሰዎች ሆይ፣ እኔ የሄድሁት የተቀማ ስም ልመልስ ነበር። ስሙን መመለስ ግን ሌላ ነገር እንደሚቀማ አላሰብሁም። በሼፊልድ ስም መመዝገብ ለባለሙያው ጥበቃ ነው፤ በቆቦ ግን ለልጅ ልጆቹ አደጋ ሊሆን ይችላል። የዞሊንገኑ ሽማግሌ ጥያቄ ቅን ነበር፤ ቅን ጥያቄ ሁሉ ግን በሁሉም አገር ቀላል አይደለም። ለዚህም ነው በዚህ ንግግር ውስጥ የነጥቦቹን ቁጥርና ቦታ፣ ሌሎች መለያዎችንም የለወጥሁት።

ታዲያ ዝም እንበል? አይደለም፤ ጊዜው አይሰጠንምና። ዛሬ የቆቦ ወጣት በጥቂት ብር ከውጭ የመጣ ሰንጢ ይገዛል፤ ሲሰበር ይጥለዋል። የወንድ ጌጥ ክላሽንኮቭ ከሆነ ቆይቷል። የባለ እጅ ልጆች ሙያውን ሸሽተው ይሄዳሉ፤ በሽሽታቸውም አልፈርድባቸውም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ቤት ተዘረፈ፤ የአያቴ ሳጥንም፣ በጨርቅ የተጠቀለለችው ያች ሁለተኛዋ ቢላዋም አብረው ሄዱ። የተረፈው እኔ ይዤው የወጣሁት ካራ ነው። የተቀመጠው ጠፋ፤ የተያዘው ቀረ። ነገር ግን ሰው የሚይዘውም ከሰውየው ጋር ያልፋል፤ ስለዚህ መዝገብ ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም፣ ሪቻርድ ፓንክረስት በዲሬክተርነት፣ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ በሙዚየሙ አደራጅነት የአገራችንን የዕለት ዕቃዎች ከዘውድና ከመስቀል እኩል ቦታ እንዲያገኙ በር ከፍተዋል። እኛም ያን ሥራ በየአካባቢያችን መቀጠል እንችላለን። ለመስክ ሥራ ለምትወጡ ተማሪዎች አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ሰው ከታጠቀው ካራውን አትግዙ። ከወገብ የወጣ ካራ ባለቤቱንም ታሪኩንም ያጣል። ለስብስብ ናሙና ካስፈለገ ለባለ እጁ አዲስ እዘዙ፤ ሲሠራም ተቀምጣችሁ ተመልከቱ፤ ዋጋውንም በእጁ ስጡት።

ሁለተኛ፣ ዕቃውን ብቻ አትለኩ። በየትኛው ጎን ይታጠቃል? ለምን ሥራ ይውላል? ማን ይስለዋል? ማንስ ሊነካው አይገባም? በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ እያንዳንዱ ክፍሉ ምን ይባላል? ይህ ካልተመዘገበ የሚቀረን ብረት ነው።

ሦስተኛ፣ አፎቱን አትርሱ። ሰብሳቢ ስለቱን ያያል፤ አፎቱን ይጥላል። ቆዳውን የሠራው ሰው ከቀጥቃጩ ያልተናነሰ ተንቋል።

አራተኛ፣ የሠሪውን ስም ጠይቁ፤ ውሳኔው ግን የእርሱና የቤተሰቡ ይሁን። የሚፈልግ በጉልህ ይጻፍለት። የማይፈልግ ስሙ በታሸገ መዝገብ ይቀመጥ፤ የሚከፈትበትንም ጊዜ ራሳቸው ይወስኑ። «ሠሪው ያልታወቀ» ብሎ መጻፍና «ሠሪው የታወቀ፣ ስሙ በአደራ ያለ» ብሎ መጻፍ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የእኛን ቸልተኝነት የሠሪው ጉድለት ያስመስለዋል። ሁለተኛው ግን አንድ ሰው እንደ ነበረ ይመሰክራል።

አያቴ ካራ ሲያቀብሉ ስለቱን ወደ ራሳቸው ያዞሩ ነበር ብያችኋለሁ። የምርምር ሥራም እንደዚያ ቢሆን እመኛለሁ፤ ከጥናቱ የሚመጣ ጉዳት ቢኖር ወደ አጥኚው እንጂ ወደ ተጠኚው እንዳይዞር።

ንግግሬን እዚህ ላይ እቋጫለሁ። ስወጣ ይህችን ካርቶን ለጥበቃው መልሼ ካራዬን እቀበላለሁ። ለዛሬ 17 ቁጥር ነው። ትክክለኛውን ስም አውቀዋለሁ፤ ልጃቸው እስኪፈቅዱ፣ ወይም ስሙ ማንንም የማይጎዳበት ቀን እስኪመጣ ድረስ በእኔ ዘንድ በአደራ ይቆያል። ያ ቀን እንዲቀርብ የማድረጉ ሥራ ግን የቀጥቃጮቹ ሳይሆን የእኛ ነው፤ ገንዘቡን ከድንጋዩ ላይ ያስቀመጥን የእኛ።